ምንም ችግር የለውም ይላል

ይህን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። ለባሌ አልተናገርኩም። ሁሉን ነገር ለማወራት ለእህቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴማ «አባቴ፣ በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን ይፍቱኝ» ብያቸዋለሁ፤ «በማወቅ» የምትለዋን ቶሎ ብዬ አልፌ፣ «ባለማወቅ» የምትለዋ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እሳቸውም ፈቱኝ። እኔ ግን አልተፈታሁም። ያልተናገሩትን ማን ይፈታል?

አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ስለማታውቁኝ ይቀለኛል። ስታነቡ አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «አይዞሽ» አትበሉኝ። በሕይወቴ «አይዞሽ» ያለኝ ሰው ማን እንደሆነ፣ እኔም ምን እንዳደረግኩት አሁን ትሰማላችሁ።

ነገሩ ስለ ሂች ነው። አዎ፣ ሂች! ፒክ አፕ መኪና የጭነት ቦታ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ተጎታች ቤት የሚያያዝበት ብረት። ሳቁ፣ ግድ የለም። ሰው ገድሎ ይናዘዛል፣ ሰርቆ ይናዘዛል፣ የሰው ባል ነጥቆ ይናዘዛል፤ የእኔ ኃጢአት ሂች ሆኖ ቁጭ አለ። ኤዲያ! ለኃጢአትም እኮ ወግ አለው።

እዚህ በስደት በምንኖርበት ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ አካባቢ፣ እንግሊዝኛ የምትችል ሴት ሆኖ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእገሌ ደብዳቤ መጣ፣ ነይ አንብቢልን። የእገሊት ኢንሹራንስ ተቋረጠ፣ ደውዪልን። መንጃ ፈቃድ ይታደሳል፣ አብረሽን ተሰለፊ። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎኝ በአንድ ደቂቃ የለቀቀኝ ሰው አላየሁም። እኔ ሌክውድ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው እናትና አባት ሳነሳና ሳስተኛ ውዬ፣ ያን ሁሉ ትራፊክ ታግዬ ቤቴ ስደርስ ስልኩ ይጮኻል። እምቢ ማለት ደግሞ የለም። እምቢ ካልሽ «ሰናይት እኮ ፈረንጅ ሆነች» ትባያለሽ።

ስለዚህ ሁላችንም የምናውቃትን ብልሃት ተማርኩ። ፈረንጁ አምስት ደቂቃ ይናገራል፣ «ምን አለ?» ይሉሻል፣ «ይሆናል ይላል» ትያለሽ። በቃ። ይህን ያላደረገ አስተርጓሚ ካለ ይምጣና ይውገረኝ። እኔ ግን በዚህ አላመልጥም፤ ሁሉም ያደርገዋል ብዬ ልሸሸግ አይደለም የመጣሁት። ሁሉም ያደርገዋል፤ እኔ ያደረግኩት ግን ጋሽ መኩሪያን ነው።

ጋሽ መኩሪያ ማን ናቸው? የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ሻንጣ ይዤ ስመጣ ቤዝመንታቸውን የሰጡኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ናቸው። መኪና ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ያስነዱኝ ነበር። ፍሬን ስረግጥ ግንባራቸው ከመስታወቱ ሊላተም ምንም አይቀረው፤ አንድ ቀን እንኳ አልጮሁብኝም። «አይዞሽ ልጄ፣ እንደገና» ብቻ። በዚያ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ደግሞ ፍሬቻ አሳዪ ይሉኛል።

«ኧረ ጋሼ፣ ለማን ነው የማሳየው? ሰው የለ!» ስላቸው፣ «ሰው ኖረም አልኖረም አሳዪ። ወዴት እንደምትዞሪ ራስሽም እወቂው» ይሉኛል።

ሾፌር ነበሩ። ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ ሰውየው ዝምተኛ ናቸው፤ ስለ መንገድ ሲያወሩ ግን አያድርስ። አገር ቤት ሃያ ዓመት ተሳቢ ነድተዋል፣ ከአሰብ ወደብ አዲስ አበባ። ከተማዎቹን እንደ ዳዊት በተራ ይደግሟቸዋል፦ ቡሬ፣ ማንዳ፣ ኤሊዳር፣ ዲቼኦቶ፣ ሰርዶ፣ ሎግያ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ። የቱ ጋ ማርሽ እንደሚቀነስ፣ የቱ ጋ ጎማ እንደሚፈተሽ፣ ማን የት ሻይ እንደምታፈላ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መቶውንም ጊዜ አንድ ከተማ አልዘለሉም። እዚህ አገር ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ነዱ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ መኪና ጭረው አያውቁም። ሌላ ሰው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ የእሳቸው ዲግሪ ይህ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ አንድ ነገር ተመኙ። እትዬ ዘውዴ ዕድሜያቸውን የሆቴል አንሶላ ሲያጥፉ ኖረው፣ ከከተማው ማዶ ያሉትን ተራሮች ከኩሽናቸው መስኮት እንጂ ከቅርብ አላዩአቸውምና፣ ወስደው ሊያሳዩአቸው። ጋሼ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው የሚሸጠውን ፊፍዝ ዊል ገዙ፤ አልጋም ምድጃም ያለው፣ አፍንጫውን የፒክ አፕ መኪና ጀርባ ላይ አሳርፎ የሚጎተት ቤት ነው። ፒክ አፑ ነበራቸው። የልጃቸው የሄለን ልጆች እንዲቀመጡበት ብለው ባለ አራት በር ነበር የገዙት፤ ኋላ መቀመጫው ሰፊ ነው፣ የጭነት ቦታው ግን አጭር ነው። ይህን አጭርነት ያዙልኝ። መዘዙ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው።

የቀረው ሂቹ ብቻ ነበር። ማን ይሂድና ያስተርጉም? ሄለን በሥራና በልጆቿ ተይዛለች፤ ሰናይት ትሂዳ!

ሂች የሚገጥመው ሱቅ ኮሜርስ ሲቲ ነው፣ ከመጋዘንና ከጭነት መኪና በቀር ምንም የሌለበት መንገድ ላይ። መጀመሪያ ስንሄድ ጋሽ መኩሪያ እያንዳንዱን ብረት እየዳሰሱ ዓይነቱን አስጠኑኝ። አንዱ ቋሚ ነው፤ አንዱ ኳስ የመሰለ ራስ አለው፤ አንዱ መኪናው ሲዞር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። «መንጋጋው ሲገጥም ድምፅ ይሰጣል ወይ በይልኝ። ግሪስ በስንት ጊዜ ይፈልጋል በይልኝ።» በይልኝ፣ በይልኝ፣ በይልኝ! ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ የተጎታቹ ክብደት የተጻፈበትን ወረቀት ቤት ረስተን ተመለስን። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ የእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር መሆን የነበረበት። ጋሼ «አይዞሽ፣ መንገዱን ለመድነው» አሉ።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ነው የሄድኩት። እግሬ አብጧል። ምሳ አልበላሁም። ያን ቀን አንዲት አሮጊት ፊቴን በጥፊ መታኛለች፤ በሽታዋ ነው፣ አልፈርድባትም፣ ግን ጥፊ ጥፊ ነው። እነዚህን ሁሉ ለምን እነግራችኋለሁ? አያችሁ! ማመካኛ እየደረደርኩ ነው። ይቅር።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ጺማም ፈረንጅ ነው፤ የሚበሳጭበት ነገር የለውም፣ ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። ጋሼ ቋሚውን ሂች መርጠው ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ይበላሻል ብለው። ሰውየው ሜትር ይዞ ወጣና የፒክ አፑን የጭነት ቦታ ለካ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ጀመረ። ይህ መኪና አጭር ነው አለኝ። ቋሚው ረጅም ለሆነ መኪና ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ምንም አይልም፤ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ሲታጠፍ ግን የተጎታቹ ጠርዝ መጥቶ የኋላውን መስታወት ይሰብራል፣ ካቢናው ውስጥ ይገባል። ለእሳቸው የሚሆነው ተንሸራታቹ ነው። ተንሸራታቹ ደግሞ አሁን የለኝም፣ አዝዤ በሳምንቱ ይመጣል። ቋሚውን ካሉ እገጥማለሁ፣ ግን አደጋውን አውቀው መሆን አለበት። «በደንብ ንገሪያቸው» አለኝ።

ጋሼ ለሻትሉ ሥራ ከምትበቃው በቀር እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ አይቶ፣ የሂቹ ካርቶን ላይ በማርከር ሥዕል ሣለ። መኪናው፣ ተጎታቹ፣ መታጠፊያው፣ ጠርዙ መስታወቱን የሚነካበት ቦታ ላይ ደግሞ ትልቅ ኤክስ። ቀዶ ሰጠኝ።

በሳምንቱ ይመጣል። እኔ የሰማሁት ይህችን ብቻ ነው። በሳምንቱ ማለት አራተኛ ጊዜ ማለት ነው። ሌላ ሐሙስ፣ ሌላ ትራፊክ፣ ሌላ «በይልኝ»።

«ምን አለ ልጄ?» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ።

«ምንም ችግር የለውም ይላል» አልኳቸው።

«ይህን ሁሉ አውርቶ?» ብለው ሳቁ።

«ፈረንጅ መቼ ወሬ ያሳጥራል ጋሼ» አልኩ። እጃቸውን ወደ ካርቶኑ ሰደዱ፤ «አገጣጠሙን ነው የሣለው» አልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጺማሙ ሰውዬ «ገባቸው?» ሲለኝ «ገብቷቸዋል» አልኩት በእንግሊዝኛ። በአንድ አፍ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ለሁለት ሰው ዋሸሁ። ከዚያ ወረቀት መጣ፤ የተጻፈው «ስለ አደጋው ተነግሮኛል፣ ይህንኑ ሂች መርጫለሁ» ነው። ጣቴን የሚፈረምበት ቦታ ላይ አድርጌ «እዚህ ጋ ጋሼ» አልኳቸው። ፈረሙ። መንገድ ላይ እስክንለያይ መረቁኝ።

አላሰብኩም ልላችሁ ፈልጌ ነበር። አስቤ ነበር። ሰውየው ያበዛዋል፣ ፈረንጅ ሁሉን ነገር አደገኛ ነው ይላል፣ ቡና እንኳ ትኩስ ነው ብሎ ጽፎ ነው የሚሸጠው፣ ጋሼ ደግሞ ሃያ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቋሚውን ሂች እያየሁ ነው። ማሰብስ አሰብኩ፤ መናገር ነው ያቃተኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ወጡ፤ ሊሞክሩት፣ እስከ ተራራው እግር ደርሰው ሊመለሱ። ቻምበርስ ሮድ ላይ ቤንዚን ሊቀዱ ወደ ማደያ ታጠፉ። ጠባብ ነበር። በሰው እርምጃ ፍጥነት ነው አሉ የሚሄዱት። የተጎታቹ ጠርዝ መጣና የኋላውን መስታወት ሰብሮ ገባ። ብረቱ የልጅ ልጆቻቸው ወንበር ላይ ነው ያረፈው። ልጆቹ ያን ቀን አብረው እንዲሄዱ ተጠይቀው፣ የእግር ኳስ ልምምድ ስለነበራቸው ቀርተዋል። እትዬ ዘውዴ ፊት ተቀምጠው ነበር፤ መስታወቱ አንገታቸውን ቆረጣቸው። ተሰፋ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚሸፍኑት።

ሆስፒታል ማን እንዲያስተረጉም ተጠራ? አትጠይቁ።

ስደርስ ሄለን ኮሪደር ላይ ቆማለች። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ወላጆቿን ትወዳለች። ከመኪናው ውስጥ የሂቹን ወረቀት አግኝታ አንብባዋለች። «ዳዲ፣ ዩ ሳይንድ ኢት!» ትላለች፣ «ዘይ ቶልድ ዩ!» ፈርመሃል፣ ነግረውሃል ማለቷ ነው። ጋሽ መኩሪያ ወረቀቱን አገላብጠው ያዩታል። ፊርማው የራሳቸው ነው። ሄለን ወደ እኔ ዞረች፦ «ሰኒ፣ አንቺ ነበርሽ አይደል? ሰውየው ነግሮታል?»

«አዎ፣ ነግሯቸዋል» አልኩ። ልብ በሉ፣ ውሸት አይደለም። ሰውየው ተናግሯል እኮ! ቃል እየመረጥኩ ነው የምዋሽው፣ ሲያስጠላ!

እዚህ ላይ ቢቆም ምናለ። አልቆመም። ጋሽ መኩሪያ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ንዴት የለም፤ ፍርሃት ነው ያለው፤ እኔ የማውቀው ፍርሃት፣ በሥራዬ መርሳት የጀመራቸው አዛውንት ላይ በየቀኑ የማየው። «ነግረሽኝ ነበር እንዴ ልጄ?» አሉ።

ያኔ «አልነገርኩዎትም» ማለት ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ሄለን ትጮኽብኝ ነበር፣ እትዬ ዘውዴ ይረግሙኝ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስሜ ይነሳ ነበር። ነበር፣ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ነግሬዎት ነበር ጋሼ» አልኩ። «ረስተውት ይሆናል።»

አያችሁ? ሂቹ ምንም አይደለም። ሂቹን ይፍቱኝ። የኮሜርስ ሲቲው ስንፍና ነበር፣ ይህ ግን ሌላ ነው። ደህናውን ሰው ደህናውን አእምሮውን በራሴ እጅ ነጠቅኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ከአፌ ወጣ፣ እኔም ቆሜ ሲሄድ አየሁት።

የረሳ ሰው መኪና አይነዳም። ሄለን በማግስቱ ቁልፎቹን ሰበሰበች። ተጎታቹ ተሸጠ፣ ፒክ አፑ ተሸጠ፤ የእትዬ ዘውዴ ትንሿ ቶዮታ ብቻ ቀረች፣ የእሷም ቁልፍ እትዬ ዘውዴ ጋ ተደበቀ። ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ እኔ አብሬ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ አምስት ቃል ነገራቸው፣ ሰዓት አስሣላቸው፣ ወደ ኋላ አስቆጠራቸው፣ መጨረሻ ላይ አምስቱን ቃል ጠየቃቸው። አምስቱንም በተራቸው መለሱ። እኔ ራሴ ሦስቱ ጠፍተውኝ ነበር።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ምንም ችግር የለም ይላል» አልኳቸው። የተረጎምኩት ቃል በቃል ነው። ሰውየው ያለው ይህንኑ ነው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐኪም ሰው አያስከፋም ልጄ» አሉ። «የሂቹንስ ነግረሽኝ መች አስታወስኩ?» ስዋሻቸው አምነውኝ፣ እውነቱን ስነግራቸው አላመኑኝም። ምን ልበል? ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቤቱ ወረቀት ሆነ። እትዬ ዘውዴ በእርሳስ እየጻፉ ለጠፉ። ምድጃው ላይ «አጥፋ»። በሩ ላይ «ቁልፍ»። የመድኃኒቱ ሳጥን ላይ «ጠዋት» እና «ማታ»። ጋሼ አንዱንም ሳያነቡ አያልፉም። ምድጃውን አጥፍተው ይወጡና ተመልሰው ያዩታል፤ ጥፍት ብሏል፤ ግን ያዩታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ቤት ተገለበጠ፦ የወጋሁት እኔ ሁሉን አስታውሳለሁ፣ የተወጉት እሳቸው ረሳሁ እያሉ ያዝናሉ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ካሳ ልከፍል ተነሳሁ! በየእሑዱ በመኪናዬ ቤተ ክርስቲያን አመላልሳቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ። ከጎኔ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። መታጠፊያ ስንደርስ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን ያለ መስሏቸው። ስንደርስ «ለእኔ እንደደረስሽልኝ ፈጣሪ ይድረስልሽ» ይሉኛል። ኧረ ዝም ይበሉ! ኧረ ይተዉኝ! ብዬ መጮኽ ያምረኛል። ይልቅ «አሜን» እላለሁ። አሜን እያልኩ ስንት ምርቃት ሰረቅኩ?

የአሰብን ወሬ ትተውት ነበር። ልብ አላልኩትም፤ ወይም ልብ ማለት አልፈለግኩም። ባለፈው ወር ግን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ እንግዳ ስለ ድሮው ሾፌርነታቸው ሰምቶ ኖሮ፣ በየት በየት እንደሚያልፉ ጠየቃቸው። ጋሽ መኩሪያ ጀመሩ። «ቡሬ… ማንዳ… ኤሊዳር…» አሉና ቆሙ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ከዚያ ዲቼኦቶ ነው አይደል ልጄ? አንቺ ንገሪው እስቲ። እኔ እኮ አይታመንም።»

እኔን! እኔ ሚሌን በካርታ እንኳ አላየሁም። የራሳቸውን ሕይወት ከእኔ ይጠይቁኛል፤ ከዚችው ከዋሸቻቸው አስተርጓሚ። «አዎ ጋሼ፣ ዲቼኦቶ ነው» አልኩ። መሪውን ይዤ ቻምበርስ ሮድን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። እንግዳውን አውርጄ፣ እሳቸውን አድርሼ ቤቴ ገባሁና ቁምሳጥኔን ከፈትኩ። ካርቶኑ የጫማ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ለምን አልጣልኩትም? አላውቅም። አንዳንድ ሰው ማስረጃ ያጠፋል፤ እኔ ሦስት ዓመት አብሬው ተኛሁ።

ቶሎ ሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ሳምንት ፈራሁ። ትናንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሄድኩት። ጋሼ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠዋል፣ እትዬ ዘውዴ ምስር ይለቅማሉ። አልተቀመጥኩም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

መነጽራቸውን አደረጉ። ያ ሥዕል አስተርጓሚ አይፈልግም። መታጠፊያውን በጣታቸው ተከተሉት፣ ጠርዙ ጋ ደረሱ፣ ኤክሱ ላይ ጣታቸው ቆመ። «ይሄ ሰውዬ ሥራውን ያውቃል» አሉ።

«ያን ቀን የሣለው ነው» አልኩ። «ተንሸራታቹ ነው የሚሆናቸው ብሎ ነበር። አልነገርኩዎትም። ሌላ ቀን መመለስ ሰልችቶኝ ነው። ሆስፒታል ውስጥም ነግሬዎት ነበር ያልኩት ውሸት ነው። ጋሼ፣ ምንም አልረሱም። የሚረሳ ነገር አልነበረም።»

እትዬ ዘውዴ የምስሩን ሰፌድ አስቀመጡ። እጃቸው አንገታቸው ላይ ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ወደ ምድጃው ነው የጠቆሙት፣ ወደ ወረቀቱ። «ሦስት ዓመት ይህን ስለጥፍ እያየሽ?» አሉ።

ጋሽ መኩሪያ ለምን እንዳደረግኩት አልጠየቁም። ስለ መስታወቱም፣ ስለ ተሸጠው ተጎታችም አልጠየቁም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አልረሳሁማ?»

«አልረሱም።»

ተነሱ። ምድጃው ላይ ያለውን ወረቀት ላጡ። በሩ ላይ ያለውን ላጡ። የመድኃኒቱን ሳጥን፣ የመታጠቢያ ቤቱን፣ የፍሪጁን። ሳይቸኩሉ፣ ሙጫው ቀለሙን እንዳያነሳው በጥፍራቸው እየፈለቀቁ። ሰብስበው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «በይ ሰናይት» አሉ። አሥራ አምስት ዓመት «ልጄ» እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ወረቀቶቹን ይዤ ወጣሁ።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። ጋሽ መኩሪያን ስለማውቃቸው ነው። አፌን ሳልዘጋ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይሉኝና እኔ ቀልሎኝ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ሦስት ዓመታቸውን ይዘው ይቀራሉ። አይሆንም። እናንተንም አልጠይቅም። ደክሞኝ ነበር ብዬ ነበር፤ እሱንም ሰርዙልኝ። ሄለን ማታውኑ ስልክ ደውላ ያለችኝን ሁሉ ብላለች፤ በሁለቱም ቋንቋ ነው ያለችኝ፣ ሁለቱንም እየተቀበልኩ ሰማሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ልማድ ሆኖብኝ፣ ወይም ሌላ የማደርገው አጥቼ፣ ጠዋት በሰዓቱ ሄጄ ደጃቸው ላይ ቆምኩ። ወጡ፣ ሁለቱም፣ ነጠላቸውን ለብሰው። ሰላምታ ሰጡኝ፤ በራስ ብቻ፣ እንደ ጎረቤት። ከዚያ በመኪናዬ አጠገብ አልፈው ወደ ትንሿ ቶዮታ ሄዱ። ቁልፉን የያዙት ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉ፣ መስታወቱን አስተካከሉ፣ እንደገና አስተካከሉት። ሞተሩ ተነሳ።

ከግቢው መውጫ ላይ ቆሙ። መንገዱ ላይ ከወዲህም ከወዲያም አንድ መኪና አልነበረም። የቀኝ ፍሬቻ አሳዩ፣ ጥቂት ጠበቁና ወደ ቀኝ ዞሩ።